አጥርና ቅጥር

አጥርና ቅጥር በዛሬ ንግግር እንደ አንድ ቃል ሆነዋል፤ በከተማ ቆርቆሮ የተመታበት አጥር ሁሉ «ቅጥር ግቢ» ይባላል። ነገሩ የመንገድ አነጋገር ብቻ ቢሆን ባልተከራከርንበት ነበር፤ ዳሩ ግን ይኸው ልማድ ወደ ቅዱስ መጽሐፍ ትርጓሜ ገብቶ ምስጢር ሸፍኗልና ልንመረምረው ይገባል።

ሁለቱም ከግእዝ የወረዱ ናቸው። ጸግበ ጠገበ፥ ጸብሐም ጠባ እንደ ተባለ፥ ሐጸረ አጠረ፥ ቀጸረም ቀጠረ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ግን ካህናት እስከ ዛሬ በግእዙ ይጠሩታል። በአማርኛ ያላቸውን ልዩነት ማወቅ የሚሻ ሰው ስማቸውን ትቶ የመጥፊያቸውን ግስ ይጠይቅ። አጥር ይነቀላል፤ ከግራር እሾኽ፥ ከቅንጭብ፥ ከአጋም፥ ከሸንበቆ የሚታጠር፥ በመሬትም የሚተከል ነውና። ቅጥር ግን ይፈርሳል እንጂ አይነቀልም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተሠራ ነውና። የሐረርን ጀጎል አጥር ብሎ የሚጠራ ቢገኝ አገሬው ይስቅበታል።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ልዩነት በኢሳይያስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 5 እጅግ አሳምሮ ጠብቆታል። ባለ ወይኑ በወይኑ ላይ ሲፈርድ አጥሩን ሊነቅል፥ ቅጥሩን ሊያፈርስ ይዝታል፤ ዕብራይስጡ ሁለት ቃል አለውና ተርጓሚዎቹ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስምና የሚገባውን ግስ ሰጥተዋል። ይህን ያኽል የተጠነቀቀ ሥራ ማመስገን ተገቢ ነው።

ወደ ማቴዎስ ምዕራፍ 21 ቁጥር 33 በደረስን ጊዜ ግን ያው መጽሐፍ ለወይኑ አጥር ነሥቶ ቅጥር ሰጠው። በዚያ ያለው የጽርእ ቃል «ፍራግሞስ» ነው። ይኸውም ሰብዓ ሊቃናት በኢሳይያስ ለሚነቀለው አጥር ያኖሩት ቃል ነው፤ ለሚፈርሰው ቅጥር ያኖሩት ሌላ ነው። ጌታችን ይህን ምሳሌ ሲመስል የኢሳይያስን ወይን ማስታወሱ የታወቀ ነው። እንግዲህ አንባቢው በዚህ ስፍራ አጥር የሚለውን ቢያገኝ ኖሮ፥ ነቢዩ ይነቀላል ያለው ትዝ ብሎት፥ የገበሬዎቹ ክፋት ገና ሳይነገር ልቡ በፈራ ነበር። ቅጥር ሲባል ግን ክሩ ተበጠሰ።

ሌላም እንከን አለበት። ከዚህ አስቀድሞ በምዕራፍ 20 ባለ ወይኑ ማልዶ የሚወጣው ሠራተኞችን ሊቀጥር ነው። ጥቂት አልፎ ደግሞ ያው ግስ ለድንጋይ ሥራ ሲነገር፥ ጆሮ በማያስፈልግ ስፍራ ኅብር ይሰማል። ኅብር በቅኔ ጌጥ ነው፤ ለሕዝብ በሚነበብ ምሳሌ ግን ማሰናከያ ይሆናል።

«አጠረስ ኅብር የለውምን? የልብስ ማጠር፥ የቁመት ማጠር ይባል የለምን?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፥ ግሱ መንታ ነው። ነገር ግን አጥር የሚለው ስም ከአጠገቡ ሲቆም ይመራዋል እንጂ ወደ ቁመት አይወስደውም። የቅጥር ነገር እንዲህ አይደለም፤ ቅጥር ሠራተኛ ይባላልና ስሙም እንደ ግሱ መንታ ነው፥ አንዱ ሌላውን ሊመራው አይችልም።

በማርቆስ ምዕራፍ 12 ቁጥር 1 ያለውም ያው ቃል ስለ ሆነ፥ ከማቴዎሱ ጋር አብሮ ሊታረም ይገባዋል።