ሐዲዱና ውሉ

ስለ ምድር ባቡራችን የሚነገረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ምኒልክ አሰቡ፣ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ መከሩ፣ ፈረንጅ ሐዲድ ዘረጋ፣ ሰዉ ጉድ አለ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ ገባ። አለቀ። ለትምህርት ቤት በዓል ይበቃ ይሆናል። እኔ ግን ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬያለሁና፣ ትረካ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ማን ከማን ጋር ምን ፈልጎ ተጋጨ ብዬ ነው። የባቡራችን ትረካ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ንጉሥ አለ፣ ማሽን አለ፣ ጭብጨባ አለ። ጠቡ የት ሄደ?

ጠቡ ያለው በወረቀቱ ውስጥ ነው። (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራው፤ የኩባንያው ሒሳብ የሚቆጠረው በዚያ ነበርና።)

በ1894 ምኒልክ ለኢልግ የሰጡት ፈቃድ ለ99 ዓመት ነው። መስመሩም ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ወጪው አይቻልም ተባለና መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ። በ1902 ማብቂያ ላይ ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ የምትባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ቆም ላድርግ። የመጀመሪያው 310 ኪሎ ሜትር አምስት ዓመት ፈጀ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ከድሬዳዋ በኋላ ወደ 15 ዓመት ማለት ነው! ምን ያዘው? የአዋሽ ገደል ነው እንዳንል፣ መሐንዲሶቹ ገደሉን በድልድይ ተሻግረውታል። የያዘው ሌላ ገደል ነው።

ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ገቡ። ፓሪስ ደነገጠች። በ1902 መጀመሪያ ላይ የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተዋዋለ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለሰው ነበር፤ አሁን ግን በደጃቸው የቆመው መንግሥት ሆነ። ስምምነቱን አልተቀበሉትም። በ1906 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ በተፈራረሙት ውል ውስጥ የባቡሩን ጉዳይ ጭምር እርስ በርሳቸው ተደላደሉ። በ1907 ኩባንያው ከሰረ። በ1908 አዲስ ፈቃድ ለምኒልክ ሐኪም፣ ለጓድሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን ተሰጠ፤ በእሱም በኩል ለአዲሱ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተላለፈ።

እንግዲህ ድራማ ማለት ይህ አይደለም? የአንድ ንጉሥ ብልሃትና ጥርጣሬ፣ የሦስት መንግሥታት ሽኩቻ፣ የባለአክሲዮን ስሌት። እኛ ግን የያዝነው ፉጨቱንና ጭሱን ነው። ሌላም ያስቀረነው አለ። ሐዲዱ የተዘረጋው ባዶ ምድር ላይ አይደለም፤ የኢሳና የአፋር ግጦሽ ነበር። የሥራ ሰፈሮቹ በተደጋጋሚ የተጠቁትም ያለ ምክንያት አይደለም። በተለመደው ትረካችን እነዚህ ሰዎች ከታዩም የሚታዩት «ሽፍታ» ሆነው ነው። ለምን እንደተቆጡ የሚጠይቅ የለም።

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። ከፈረንሳይኛው ለገሃርን ወሰድን፣ ፉርጎን ወሰድን። ያየነውንና የተሳፈርንበትን ሁሉ ስም አወጣንለት። ውሉ ግን ወደ ጨዋታችን አልገባም። ኢትዮጵያ በ1959 በተደረገው ስምምነት የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ማግኘቷንና ዋናው መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መዛወሩን ስንቶቻችን እናነሳለን? ሐዲዱ እኛ መሬት ላይ ከተዘረጋ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ይህን ሁሉ የማነሳው የድሮ ወረቀት ስለሚጣፍጠኝ አይደለም። አሮጌው መስመር ዝሎ ቆመ። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2018 ጀመረ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አብዛኛው ገንዘብ የቻይናው ኤክዚም ባንክ ብድር ነው፤ ባለቤትነቱ 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ ነው። በምረቃው ዕለት የታየው ሪባንና ሙዚቃ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች፤ እኛ ጥምጥሙን አሳምረን ንባቡን ለልጆቻችን አቆየነው። ብድሩን የሚከፍሉት ግን እነሱው ናቸው።

ልብ ወለድ ጻፉ ለሚሉኝ ወጣት ደራስያን የምመክረው አንድ ነገር አለ። ስለ ባቡር ስትጽፉ ሐዲዱን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። የፈረመውን እጅ፣ እምቢ ያለውን ንጉሥ፣ ከብቱን የነዳውን እረኛ ፈልጉ። ጋዜጠኞችም ሪባኑ ሲቆረጥ ካሜራውን ወደ መቀሱ ብቻ አታዙሩ። «ውሉን ታሳዩናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ100 ዓመት በፊት የጠየቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ ምኒልክ። ዛሬ ለመጠየቅ ንጉሥ መሆን አያስፈልግም።