«ሴት ብትሆንም»

እኔ የሰነበትኩት ወረቀት ሳርም ነው። ማስተማሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ ግን እንደ ሱስ ነው መሰለኝ፣ ሰው ቢተወው እሱ ሰውን አይተውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴቶች ቀን፣ ያው የካቲት 29 ማለቴ ነው፣ ሲቃረብ አንድ ትምህርት ቤት የድርሰት ውድድር አዘጋጀና «ዳኛ ይሁኑልን» አለኝ። ርእሱ «በሳይንስ የተዘነጉ ሴቶች» ይላል። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። 38 ድርሰቶች በካኪ ፖስታ ታሽገው መጡልኝ። አድልዎ እንዳይኖር ስም አልተጻፈባቸውም፤ በየአናታቸው ላይ ቁጥር ብቻ።

ከ38ቱ 23ቱ ስለ ማሪ ኩሪ ናቸው። በ1903 እና በ1911 (ዛሬ የማነሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመች ሴት «ተዘነጋች» ከተባለች እኛ ምን ልንባል ነው? ይሁን፣ ልጆች ናቸው ብዬ አለፍኩት። ያላለፍኩት ሌላ ነገር ነው። በየወረቀቱ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አንዲት ሐረግ ብቅ ትላለች፦ «ሴት ብትሆንም»። ሴት ብትሆንም ተማረች። ሴት ብትሆንም ተመራመረች። ሴት ብትሆንም አልሰነፈችም።

እስቲ እንደ ድሮው መምህርነቴ ይቺን ሐረግ እንያት። «ቢታመምም ሥራ ገባ» ስንል ሕመሙ ሥራ ከመግባት የሚያግድ ነገር ነው ማለታችን ነው። «ድሃ ብትሆንም ለጋስ ናት» ስንልም እንዲሁ። እንግዲህ «ሴት ብትሆንም ተመራመረች» ካልን እንቅፋቱ ሴትነቱ ራሱ ነው፤ ልክ እንደ ሕመም ከሰውነቷ የመጣ። ሐቁን እንጻፍ ካልን ግን ዐረፍተ ነገሩ «ሴት በመሆኗ በሩን ዘጉባት፤ እሷ ግን ተመራመረች» ነው የሚሆነው። ልዩነቱን አያችሁት? በሁለተኛው ውስጥ በር የዘጋ ሰው አለ። በመጀመሪያው ውስጥ ዘጊው የለም፣ አምልጧል። ሰዋስው እንዲህ ወንጀለኛ ትደብቃለች።

ይህ የልጆች ጥፋት ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። ከየት ቀዱት? ከኛ ነዋ! በየመድረኩ ከምናሰማው ንግግር፣ በየጋዜጣው ከምንጽፈው መጣጥፍ። የኛ የሙገሳ ጽሑፍ ከገድል የተቀዳ ይመስላል። ገድል የታወቀ አካሄድ አለው፦ ልደት፣ ፈተና፣ ቃል ኪዳን፣ ዕረፍት። ለቅዱሳን የተገባ ነው። ለሳይንቲስት ሲሆን ግን ከድሃ ቤት ተወለደች፣ ተፈተነች፣ ኖቤል በቃል ኪዳን ፋንታ መጣላት፣ አረፈች ይሆንና መሀሉ ባዶ ይቀራል። ምን አየች? ምን ጠየቀች? መልሱን እንዴት አገኘችው? ከ23ቱ የኩሪ ድርሰቶች ራዲየም ምን እንደሆነ በአንዲት መስመር እንኳ የነገሩኝ አራት ናቸው።

የሜሪ አኒንግን ነገር እንውሰድ። ሁለት ልጆች ስለ እሷ ጽፈዋል፤ ለምርጫቸው ነጥብ ጨምሬላቸዋለሁ። ሜሪ በ1799 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ላይም ሪጂስ በምትባል ከተማ የተወለደች የአናጢ ልጅ ናት። የገደሉ ናዳ ከሚገልጠው ድንጋይ ውስጥ ቅሪተ አካል እየለቀመች ለመንገደኛ በመሸጥ ነው ያደገችው። ሕፃን ሳለች፣ በ1800፣ መብረቅ ወርዶ ያቀፈቻትን ሴት ጨምሮ ሦስት ሴቶችን ሲገድል እሷ ተረፈች። ታዲያ የአገሩ ሰው «ያቺ ልጅ ብልህ የሆነችው መብረቁ ነክቷት ነው» ይል ነበር። ሁለቱም ተማሪዎቼ ይህችን ታሪክ ወደዋታል። ማን ይፈርድባቸዋል፣ ታሪክ ናት! ግን አስቡት፤ አንዲት የአናጢ ልጅ በራሷ ጭንቅላት አሰበች ከማለት ሰማይ ተቀደደና ወረደላት ማለት ቀለለ።

መብረቁ ያልሠራው ሥራ ይኸውላችሁ። በ1811 ወንድሟ ትልቅ የራስ ቅል አገኘ፤ የቀረውን አካል ሜሪ ተከታትላ አገኘችው፤ ኢክቲዮሳውር ነበር። በ1823 የመጀመሪያውን ሙሉ የፕሌሲዮሳውር አጽም አወጣች። አንገቱ ከመርዘሙ የተነሳ የፓሪሱ ሊቅ ኩቪዬ «ይሄ የተቀጣጠለ የማታለያ ሥራ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጠረጠረ። በ1824 መጀመሪያ ለንደን የጂኦሎጂ ማኅበሩ ተሰብስቦ አጽሙን ሲመረምር እውነተኛነቱ ተረጋገጠ። አጽሙን ለጉባኤው ያስረዳው ሰው የሜሪን ስም አላነሳም። እሷም በጉባኤው የለችም። ያ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነው፣ እሷ በ1847 ከሞተች ከ72 ዓመት በኋላ። በሩን የዘጋው ማን እንደነበር እንግዲህ ይታወቃል።

እሷ ግን ዝም ብላ ለቃሚ አልነበረችም። የባሕር ዓሣ እየቀደደች የአጥንቱን አሰካክ ታጠና ነበር፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው እንዲገባት። ሊቃውንቱ የጻፉትን እየተዋሰች ሥዕሉን ጭምር በእጇ ትገለብጥ ነበር። በአጽሞቹ ሆድ አካባቢ የሚገኙትን እንግዳ ድንጋዮች ልብ ብላ አየቻቸው፤ የእንስሳቱ የደነደነ ኩስ መሆናቸው በዚያው መንገድ ታወቀ። ለኔ ለቀለም ሰው ደግሞ ልቤን የነካው ይሄ ነው፦ የዛሬው ስኩዊድ ጥንታዊ ዘመድ በሆነ ፍጥረት ቅሪት ውስጥ የደረቀ ቀለም ያለበት ከረጢት አገኘች፤ ወዳጇ ኤሊዛቤት ፊልፖት ያንን ቀለም በውሃ በጠበጠችና የኢክቲዮሳውር ሥዕል ሣለችበት። ከመቶ ሚሊዮን ዓመታት በላይ የቆየ ቀለም፣ የዚያኑ ዘመን እንስሳ ለመሣል! ይሄን ትቶ መብረቅ ምን ያደርጋል?

ወደ አገራችን እንምጣ። ሦስት ልጆች ስለ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ጽፈዋል። በፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ በ2014 የሎሬያል–ዩኔስኮን ሽልማት ተቀብለው፣ ከ2013 እስከ 2023 ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመሩ ሴት ናቸው። ሽልማቱ አለ፣ ሹመቱ አለ፣ «ለእህቶቻችን አርአያ» የሚለውም አለ። ሣሩ ግን የለም! ዶክተር ሰገነት እኮ ዓመታት የፈጁት ብራኪያሪያ በሚባል የከብት መኖ ሣር ላይ ነው፤ በሣሩ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ሣሩን በሽታና ድርቅ እንዲቋቋም እንዴት እንደሚያግዙት ነው የጠየቁት። ከብት ያላት አገር ልጅ ይህን ሰምታ «እኛ ደጅ ያለው ሣርስ ውስጡ ምን አለ?» ብላ ጎንበስ ብትል ነው አርአያነቱ። ሜዳሊያ አይታማ ምን ታደርጋለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ታጨበጭባለች።

እስካሁን ሌሎችን ስወቅስ ደህና ሄድኩ። አሁን ወደ ራሴ።

ውጤቱን አስረክቤ በመዝጊያው ላይ የማሰማውን ንግግር ልጽፍ ተቀመጥኩ። ከሀገር ውስጥ ምሳሌ ይኑር ብዬ የእንዶድን ታሪክ መረጥኩ፤ ለዓመታት በክፍል ውስጥ ስተርከው የኖርኩት ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር፣ ቀንድ አውጦች ሞተው መንሳፈፋቸውን አስተዋሉ፤ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ተክል እንዲህ ተገኘ።» ሳነበው እንከን የለበትም። ደግሜ ሳነበው ሴቶቹ የት እንደተቀመጡ አየሁ። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አክሊሉ ናቸው። ሴቶቹ የቦታ መጠቆሚያ ናቸው፤ «በሚያጥቡበት» ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከወንዙና ከድንጋዩ እኩል።

እንዳትሳሳቱ፣ የአክሊሉን ክብር መሸራረፌ አይደለም። በዚያ ወንዝ ዳር ስንቱ የተማረ ሰው አልፏል፤ ቆም ብለው ያዩት እሳቸው ናቸው። ዓይተውም አልቀሩም፤ ነገሩን ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው አስመስክረዋል፣ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል። ሴቶቹ ቀንድ አውጣው ከቢልሃርዝያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አያውቁም ነበር ቢባል አልከራከርም። ቢሆንም ሴቶቹ ባይኖሩ ወንዙ ውስጥ አረፋ አይኖርም። የትኛው ፍሬ፣ መቼ ተለቅሞ፣ እንዴት ደርቆና ተወቅጦ እንደሚያጥብ ከእናት ወደ ልጅ ሲፈተንና ሲተላለፍ የኖረ እውቀት ነው። ዛሬ ገዳዩ ንጥረ ነገር በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም ሌማቶክሲን ይባላል። የተመረጠው የእንዶድ ዓይነት 44 የሚል ቁጥር አለው። ሴቶቹ ስምም ቁጥርም የላቸውም።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፤ ቁጥር 31 ትዝ አለኝ።

ቁጥር 31 ስለ ማንም ታዋቂ ሴት አልጻፈም፣ ወይም አልጻፈችም። ድርሰቱ ስለ አያት ነው። አያት ነጠላቸውን የሚያጥቡት በእንዶድ ነው፤ ፍሬውን የሚለቅሙት ሳይቀላ፣ አረንጓዴ ሳለ ነው። «ለምን?» ሲባሉ «ከቀላ በኋላ ይሰንፋል» አሉ። ልጅ ሆዬ አላመነም። አረንጓዴውንና ቀዩን ለየብቻ አድርቆ፣ እኩል ወቅጦ፣ በሁለት ጠርሙስ እኩል ውሃ ጨምሮ ናጠው። የየትኛው አረፋ እንደሚቆይ ግድግዳ ላይ ባለው ሰዓት ለካ። በማግስቱም ደገመው። መደምደሚያው ሦስት ቃል ናት፦ «አያቴ ልክ ናት።» ተመራማሪዎቹም ያገኙት ያንኑ ነው፤ እንዶድ ኃይሉ የሚበረታው ሳይበስል ነው።

ከ38ቱ ድርሰቶች ውስጥ ጥያቄ፣ ሙከራና መልስ የነበረበት እሱ ብቻ ነበር። እኔስ ምን አደረግኩ? ከ20 ስምንት ሰጠሁትና በቀይ እንዲህ ጻፍኩበት፦ «ቋንቋው ጥሩ ነው። ከርእስ ወጥቷል። የታወቀ ሳይንቲስት አልተመረጠም።» ስለ ተዘነጉ ሴቶች በሚል ውድድር ላይ «የታወቀ» አልተመረጠም ብዬ መቅጣቴ ነው እንግዲህ! አንደኛ የወጣው የማሪ ኩሪ ገድል ነው። አንድ ቦታ ላይ «ሴት ብትሆንም» ይላል።

በማግስቱ ደወልኩ። ሽልማቱ ታውጇል፤ ይሁን፣ ልጁን ወይም ልጅቷን ብቻ አገናኙኝ አልኩ። «የቁጥሩን መዝገብ የያዝነው ለአሸናፊዎቹ ብቻ ነው» አሉኝ። ቁጥር 31 በቁጥርነቱ ቀረ። መድረክ ላይ ወጥቼ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ይህንኑ ተናገርኩ፤ ሰዉ በትሕትና አጨበጨበልኝ። ከመሀላቸው የተነሳ ግን አልነበረም።

ስለዚህ በዚህች ዓምድ በኩል ልሞክር። ቁጥር 31፣ ይህን የምታነብ ወይም የምታነቢ ከሆነ እርማቱን አርሜአለሁ፤ ስምንቱን ሰርዘው። አንድ ጉድለት ግን አሁንም አለብህ፤ ያኔ በቀይ መጻፍ የነበረብኝም እሱን ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ «አያቴ፣ አያቴ» ብለህ ስማቸውን አንድም ቦታ አልጻፍክም።

ማን ይባላሉ?