ከሴራሚኩ በፊት አፈሩን
በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲነቀንቅ የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነበር፤ «በሬክተር ስኬል ስንት ደረሰ?» «ቤቴ የቆመው ምን ላይ ነው?» ያለ ግን ብዙም አልተሰማም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ የተነሳው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። አለት ላይ ያለው ሰፈር ብዙም አልተጎዳም። የጥንቱ ሐይቅ ጭቃ ላይ የተሠራው ግን 5 እጥፍ ገደማ በርትቶ ተናወጠ፤ በተለይ ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ክፉኛ ተጎዱ።

ይኼ ደግሞ አስቀድሞ ይለካል፤ ሞገድ በላይኛው 30 ሜትር አፈር ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል። እኛ ግን አፓርታማ ስንገዛ ሴራሚኩን እናንኳኳለን እንጂ የአፈር ምርመራውን ወረቀት አምጡ አንልም። ካልጠየቅነው ማን ያወጣዋል? ጎበዝ፣ ከሴራሚኩ በፊት እስቲ አፈሩን እንጠይቅ!