በሩን ማን ከፈተው?

እኛ ጎንደሮች ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የአንዱን መጽሐፍ ስም ወስደን ለገዛ ታሪካችን ሰጥተናል። ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉበት ከ1761 ዓ.ም. አንሥቶ የቋራው ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ እስከ ነገሠበት እስከ 1847 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት እንለዋለን። በፋሲል ግቢ ዘውድ የጫነ ንጉሥ አልጠፋም ነበር፤ ጦሩና ፍርዱ ግን በመሳፍንቱ እጅ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይህን አይተው መጽሐፈ መሳፍንትን አስታወሱ፤ በእስራኤል ንጉሥ ያልነበረበትን፣ እያንዳንዱም ለራሱ የመሰለውን ያደርግ የነበረበትን ዘመን የሚተርከውን መጽሐፍ።

ስም አወጣጡ ጥሩ ሂስ ነው፤ አንድን ዘመን በአንድ መጽሐፍ ዓይን ማንበብ ነውና። ዛሬ መጽሐፉን በየወጣት ኅብረታችን ስናጠና ግን ያው ስም ተመልሶ ንባባችንን ያጠብበዋል ባይ ነኝ። መሳፍንት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መከፋፈል ነው፤ መከፋፈል ሲባል ደግሞ መድኃኒቱ ኃይለኛ ሰው ይመስለናል። ስለዚህ መጽሐፉን ጠንካራ ንጉሥ ናፍቆ የተጻፈ ረጅም እሮሮ አድርገን እናልፈዋለን። ከእናንተ ጋር መከራከር የምፈልገው በዚህ ላይ ነው። እኔ እንደማነበው መጽሐፉ ከንጉሥ ይልቅ አብልጦ የሚፈልገው የሚሰማ ዳኛ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ስሜን እንውጣ። ደረስጌ ማርያም ጃናሞራ ውስጥ ናት። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት ለራሳቸው ንግሥ አስበው እንደ ነበር ይነገራል፤ ካሳ ግን እዚያው አጠገብ ድል አድርጎ፣ በእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ። ለመድረክ የተሠራ ትዕይንት ይመስላል። ጸሐፊዎቻችን በዚህ ሰው ሕይወት መማረካቸው አይገርምም፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ የጎንደር ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን በ‹የቴዎድሮስ እንባ›፣ አቤ ጉበኛ በ‹አንድ ለናቱ›፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እንዲሁ በተውኔት አንሥተውታል። በእኛ በአንባቢዎቹ ልብ የተቀረጸው ግን ምንድን ነው? የቋራ በረሃ፣ ሴባስቶፖል፣ መቅደላና ሽጉጥ። ችሎት ላይ የተቀመጠውን ቴዎድሮስ ብዙም አናስታውሰውም። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ማዘረፋቸውንና ማቃጠላቸውን ደግሞ የከተማዋ ልጆች እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምናወራው።

ስለ ፍርዳቸው ከሚነገሩት አንዱን ግን ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ንጉሡ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ብለው አዋጅ አስነገሩ። የታጠቁ ሰዎች መጡና በአዋጁ መሠረት የአባቶቻችን ሥራ ይጽናልን አሉ። ሥራችሁ ምንድን ነው ቢሏቸው፣ ዘረፋ ነው፤ ከጥንት ከንጉሥ ዳዊት የተሰጠን ነው አሉ። ንጉሡም በሬና ማረሻ ልስጣችሁና እረሱ አሏቸው፤ አሻፈረን አሉ። እንግዲያው ይሁንላችሁ ብለው አሰናበቷቸው። ደስ ብሏቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ፈረሰኞች ደረሱባቸው፤ ዳዊት ለእናንተ መዝረፍን እንደ ሰጣችሁ፣ ላሊበላ ደግሞ ለእኛ ዘራፊ መግደልን ሰጥቶናል አሏቸውና ፈጇቸው።

ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ታሪኩ ጥሩ መሆኑን አልክድም፤ በአዋጅ ቃል የመጣን ሰው በዚያው ቃል መርታት ሙግት ለሚወድ ሕዝብ ደስ ይላል። አሁን ከአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ጎን አስቀምጡት። ሰሎሞንም ሰይፍ አምጡ ብሏል፤ እርሱም የፈረደው በዘዴ ነው። በሰሎሞን ችሎት ግን ሰይፉ መጣ እንጂ ማንም አልተቆረጠበትም። የመጣው ሁለቱ ሴቶች እንዲናገሩ ነበር። ምስክር የሌላቸው፣ በአኗኗራቸው የተናቁ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሌላ ዳኛ ቢሆን ሁለቱንም ከደጅ በመለሳቸው ነበር። ሰሎሞን በገባዖን በሕልም የለመነው ነገር በዕብራይስጡ ‹የሚሰማ ልብ› የሚል ትርጉም አለው፤ ወዲያው የሚቀጥለው የሴቶቹ ክስ መሆኑም በከንቱ አይመስለኝም። የፈረሰኞቹ ታሪክ ሲያልቅ አንድ የሚያስቅ ንግግርና ብዙ ሬሳ ይቀራል። የሰሎሞኑ ሲያልቅ ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ ነው።

መጽሐፈ መሳፍንት ኃይለኛ ሰው ፍለጋን ራሱ በልቦለድ ተችቶታል። ምዕራፍ 9ን ተመልከቱ። አቤሜሌክ ሰባ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ገድሎ ሲነግሥ፣ ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ተረት ተረተ። ዛፎች የሚነግሥባቸው ፈለጉ። ወይራው፣ በለሱና ወይኑ ሥራ አለን ብለው እምቢ አሉ፤ እሺ ያለው እሾህ ነው፤ ያውም በጥላዬ ሥር ተጠለሉ ብሎ። የእሾህ ጥላ! እረኞቻችን ቢሰሙት የራሳቸው ተረት ነው የሚመስላቸው። አቤሜሌክም መጨረሻው አላማረም፤ አንዲት ሴት ከግንብ ላይ የወፍጮ መጅ ለቀቀችበት። ሴት ገደለችው እንዳይባል ጋሻ ጃግሬውን ግደለኝ አለው፤ ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን ሴት ገደለችው እየተባለ ይነበባል።

የዚያች ሴት ስም አልተጻፈም። እርሷን ይዘን ግን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መጽሐፉን በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር አንብቡትና ሴቶቹን ተከተሉ። ምዕራፍ 1 ላይ ዓክሳ አባቷን ካሌብን የውኃ ምንጭ ትለምነዋለች፤ ይሰጣታል። ምዕራፍ 4 ላይ ዲቦራ በተራራማው በኤፍሬም አገር ከዘንባባ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች፤ ሕዝቡም ለፍርድ ወደ እርሷ ይወጣል። በመጽሐፉ ካሉት መሳፍንት ሁሉ ተቀምጣ ስትፈርድ የምናያት እርሷን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ፈረዱ ቢባልም በዓይናችን የምናያቸው ሲዋጉ ነው። የዛፍ ሥር ችሎት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌ ዛሬም ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ዱሮም የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አስቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉት ነበር። ከዲቦራ በኋላ ግን ነገሩ እየጠቆረ ይሄዳል። ምዕራፍ 11 ላይ የዮፍታሔ ልጅ ትናገራለች፤ የምትናገረው የራሷን ሞት ለመቀበል ነው። ምዕራፍ 19 ላይ የሌዋዊው ቁባት አንድ ቃል አይሰማባትም። ምዕራፍ 21 ላይ የሴሎ ልጃገረዶች ሲጨፍሩ ይጠለፋሉ፤ ምክሩን የሰጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አባትና ወንድም አቤት ሊሉ ሲመጡ እኛ እናግባባቸዋለን ብለው አስቀድመው ተስማምተዋል። ይህ ለእናንተ ለእህቶች የሩቅ አገር ታሪክ እንደማይመስላችሁ አውቃለሁ።

አሁን ምዕራፍ 20ን እንደ ችሎት መዝገብ አንብቡት። ሰይፍ የሚመዝዝ አራት መቶ ሺህ እግረኛ በምጽጳ ተሰብስቧል። ጉባኤው ይህ ክፋት እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ምስክሩ ሌዋዊው ብቻ ነው። የጊብዓ ሰዎች ተነሡብኝ፣ ሌሊት ቤቱን ከበቡ፣ ሊገድሉኝ ፈለጉ፣ ቁባቴን አዋረዷት፣ ሞተች ይላል። የተናገረው ሆኗል። የጎደለው ግን ምዕራፍ 19 ላይ ያነበብነው ነው፤ ሰውየው ቁባቱን ይዞ ወደ ውጭ አውጥቷታል። ጧት በሩን ሲከፍት እጇ መድረኩ ላይ ተዘርግቶ ወድቃ አገኛት፤ ተነሺ እንሂድ አላት። ይህም በምስክርነቱ ውስጥ የለም።

ተራኪው ይህን ለእኛ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ጉባኤው አያውቅም። ስለዚህ አንባቢው ከአራት መቶ ሺህ ሰው በላይ የሚያውቅ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ምስክሩ ሲናገር እየሰማን፣ አሁን አንዱ ይጠይቀዋል እያልን እንጠብቃለን። ማንም አይጠይቅም። ሕጉ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዝዝ ነበር፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ተናገረ፣ ሕዝቡም እንደ አንድ ሰው ሆኖ ተነሣ።

የዱሮውን የበልሃ ልበልሃ ሙግት አስቡ። ተሟጋቹ ቆሞ ‹ተጠየቅ!› ይል ነበር፤ የባላጋራውን ቃል በጥያቄ እየወጠረ፣ ያልተባለውን ያስብለው ነበር። አንድ ብቻ እንዲህ ያለ ሰው ምጽጳ ላይ ቢገኝ ኖሮ የሚጠይቀውን አታጡትም። ተጠየቅ፣ በሩን ማን ከፈተው? ተጠየቅ፣ እርሷ ደጅ ስታድር አንተ የት አደርህ? ጥያቄው የጊብዓን ሰዎች ከደም አያነጻም፤ ወንጀላቸው ወንጀል ነው። ፍርዱ ግን ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ሳይጠየቅ በመቅረቱ ከብንያም በአንድ ቀን ወደ ሃያ አምስት ሺህ ሰው ወደቀ፤ ከዚያ የኢያቢስ ገለዓድ ሕዝብ ተፈጀ፤ ከዚያ የሴሎ ልጃገረዶች ተጠለፉ። በአንዲት ሴት በደል ስም የተጀመረው ጦርነት በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶችን በመበደል አለቀ።

በእኛ ደጋ ደም እንዴት እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። ለቅሶ ላይ አንድ ሰው ይናገራል፤ ፉከራው ይቀጥላል፤ የሟች ወንድም ጠመንጃ ያነሣል። ነገሩ ከየት ተነሣ ብሎ የሚጠይቅ ፈሪ ይባላል፤ ዳኛ የለም፣ ስለዚህ እኔ ልፍረድ የሚለው ጀግና ይባላል። እናንተ በየቤታችሁ የምትሰሙት ቀረርቶ ለሁለተኛው ነው የተገጠመው። በትንሹም ቢሆን በየኅብረታችን ይህ ይደረጋል። አንዲት እህት ከመዘምራን እንድትወጣ ሲወሰን፣ የሰማነው የማንን ቃል ነው?

ከዓባይ ማዶ ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ይኸው ሕመም በሌላ መልኩ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ የሚጠይቁት እርሳቸው፣ ባላገሩን የሚገዙትም እርሳቸው ናቸው። በዳይና ሰሚ አንድ ሰው ሲሆን አቤቱታ ወዴት ይሄዳል? አበጀ በለው ገበሬዎቹን ይዞ ተነሣ፤ ይህን የማያስታውስ አንባቢ የለም። እኔን ግን የበለጠ የሚይዘኝ ካሳ ዳምጤ ነው። ስለ ግፍና ስለ ልማድ እውነቱን ሲናገር አገሩ አላሰረውም፤ ‹ጉዱ› የሚል ስም ጨመረለት። በዚያች አንድ ቃል ምስክርነቱ ሁሉ ወደቀ። ጉዱ የሚሉትን ሰው ማን ቁም ነገር ብሎ ይሰማል? ሐዲስ ለዚህ ሰው በልቦለዱ ውስጥ ሰፊ የመናገሪያ ቦታ ሰጥተውታል፤ አገሩ የነፈገውን ጆሮ ከአንባቢው አገኘለት። ከአበጀ ጠመንጃ ይልቅ ይህ የሐዲስ ውሳኔ ይበልጥብኛል።

ጌታችን በሉቃስ 18 የነገረንን የመበለቲቱንና የዓመፀኛውን ዳኛ ምሳሌም በዚህ ጆሮ ስሙት። ተግቶ ስለ መጸለይ መነገሩ እውነት ነው፤ ወንጌሉ ራሱ እንዲህ ይላል። ነገር ግን ሴቲቱ የምትጮኸው ስለ ምንድን ነው? የያዘችው የፍርድ ጥያቄ ነው፤ ከባላጋራዋ ጋር ያለ ክርክር። ብር የላትም፣ የሚቆምላት ዘመድም አልተጠቀሰም፤ ያላት ያው ‹አቤት› ማለት ነው። መዝሙረ ዳዊትን ስናነብ በየገጹ ‹አቤቱ› የምንለው ቃል በእኔ ጆሮ ከዚህ ‹አቤት› ጋር አንድ ደጅ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

የድራማ ቡድናችሁ በዚህ ዓመት መጽሐፈ መሳፍንትን ሊሠራ ቢነሣ ሶምሶንን እንደምትመርጡ እገምታለሁ። የአህያ መንጋጋው፣ የጋዛ በር፣ የተላጨው ጠጉር፤ በካርቶን የተሠራ ምሰሶ ሲወድቅ ሕፃናት ያጨበጭባሉ። አልቃወምም። ለአንድ ቅዳሜ ግን ታላላቆቹ ብቻችሁን ሆናችሁ ምዕራፍ 19ንና 20ን ሞክሩ። ሌዋዊው፣ የልጅቱ አባት፣ ሎሌው፣ በጊብዓ ያሳደራቸው ሽማግሌ፣ ጉባኤው፣ ሁሉም የሚናገሩት ቃል አላቸው፤ ተከፋፈሉት። የቁባቲቱን ቦታ ለአንዲት እህት ስጡ። የምታጠናው ቃል የለም። ሌዋዊው ምጽጳ ላይ ሲመሰክር ግን እርሷ ከመድረክ አትውረድ፤ እጇን መድረኩ ላይ እንደ ዘረጋች በሩ አጠገብ ትቆይ። ጉባኤ ሆናችሁ የተቀመጣችሁት ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ እርሷን እያያችሁ ለሌዋዊው የምታቀርቡለትን ጥያቄ ራሳችሁ ጻፉ።