የከሰረውንም የማይረሳ መዝገብ

አክሲዮን ገዝቶ ለረጅም ጊዜ ያስቀመጠ ሰው በአማካይ ስንት አተረፈ? እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለዚህ ጥያቄ በተሟላ ማስረጃ የተደገፈ መልስ አልነበረም። ሜሪል ሊንች የተባለው የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ወጪውን ሲሸፍን፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑ ጄምስ ሎሪና ሎውረንስ ፊሸር በ1960 መልሱን የመፈለጉን ሥራ ጀመሩ።

በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከ1926 ጀምሮ የተሸጡ የተለወጡትን መደበኛ አክሲዮኖች የየወሩን ዋጋ ለቀሙ። ዋጋ መልቀሙ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ አክሲዮን ለሁለት ሲከፈል ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ግን ምንም አልከሰረም። የተከፈለው የትርፍ ድርሻና የኩባንያዎች ውህደትም በስሌቱ መግባት ነበረባቸው።

ከሁሉ የማደንቀው ከገበያ የወጡትንና የከሰሩትን ኩባንያዎች ከመዝገቡ አለማስቀረታቸውን ነው። ዛሬ የቆሙትን ብቻ ቆጥሮ አማካይ ማውጣት፣ ከዘመቻ የተመለሱትን ብቻ ጠይቆ «ጦርነት አይገድልም» እንደ ማለት ነው።

ውጤቱ በ1964 ወጣ። ከ1926 እስከ 1960 የትርፍ ድርሻውን መልሶ አክሲዮን ለገዛበትና ግብር ለማይከፍል ባለሀብት፣ የ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ሳይቀር ተቆጥሮ፣ ገበያው በዓመት 9 በመቶ ገደማ አስገኝቷል። ዩጂን ፋማን የመሳሰሉ ተመራማሪዎችም በዚሁ መዝገብ ላይ ሠርተዋል።

ስለዚህ አትራፊነቱን በቁጥር የሚያስረዳ ሻጭ ሲገጥመን አስቀድመን «የከሰሩትስ ተቆጥረዋል?» ብንል፣ ያስተማሩን እነዚህ ሰዎች ናቸው።