ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት የተጻፈው መጽሐፍ ሲመረመር

ስለ ጅማ መንግሥት ታሪክ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ሊቃውንቱ አዘውትረው የሚጠቅሱት፥ አሜሪካዊው የሕዝብ ባሕል መርማሪ ኸርበርት ሉዊስ በ1965 ያሳተመው ነው። (ከመጽሐፉ ጋር ለማስተያየት እንዲመች በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የመጀመሪያው አርእስት ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበት፥ እንደ ስድብም በሚቈጥረው ስም የተሠራ ነበር፤ በ2001 እንደ ገና ሲታተም ግን ያ ስም ወጥቶ «ኦሮሞ» የሚለው ገብቶበታል። ይህ እርማት ቢዘገይም መልካም ነው። የሰውን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ አስቀድሞ ስሙን አክብሮ ሊጠራው ይገባልና።

ደራሲው ወደ ጅማ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋርን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች በዚያን ጊዜ ገና በሕይወት ስለ ነበሩ እነርሱን እየጠየቀ ጻፈ። ያገኘውም ነገር የሚናቅ አይደለም። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት ማለት ከሊሙ እናርያ፥ ከጎማ፥ ከጉማ፥ ከጌራና ከጅማ መካከል፥ የሊሙው አባ ባጊቦ በገነነበት ዘመን ጅማ ገና ታናሽ ነበረች፤ በ1830 ገደማ በቀዳማዊ አባ ጅፋር የተመሠረተችው ይህች መንግሥት ኋላ ሌሎቹን ሁሉ በልጣ የታየችበትን ምክንያት ሉዊስ ሲያስረዳ፥ ንጉሡ በጎሣና በዘር ሐረግ ሳይሆን በሾማቸው ሰዎች ይገዛ እንደ ነበር ያመለክታል። አባ ቆሮው በንጉሡ ፈቃድ ይሾማል፥ በንጉሡ ቃል ይሻራል። ገበያውና ነጋዴው በነጋድራሱ እጅ ነው። የአገሩ ዳርቻ በጉድጓድ ታጥሮ በሩ በኬላ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ያለ ማጋነን፥ አንዱን ከሌላው እያያያዘ ማስረዳቱ የመጽሐፉ ትልቅ ሙያ ነው። ቀድሞ ስለ ኦሮሞ ነገሥታት ሲወራ የጦረኛ ተረት ብቻ ይወራ ለነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ነገር ግን በቅኔ ቤት ሰሙን አሳምሮ የፈታ ተማሪ ወርቁን ሲጠየቅ እንዲሁ አይታለፍም። የሉዊስ ሰም ንጉሡና ሹማምንቱ ናቸው፤ በደንብ ተፈትተዋል። ወርቁ የትኛው ነው?

ለዚህ ጥያቄ የቀድሞ ሰው አብነት ይሆናል። አባ ባሕርይ ከጋሞ አገር ተነሥቶ በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ ሲጽፍ የጠላትን ነገር ብቻ አልጻፈም። ብዙ ሕዝብና ብዙ መሣሪያ ያለው ወገን ለምን ተሸነፈ ብሎ የራሱን ወገን በዐሥር ክፍል ከፈለው፤ ከዐሥሩም አንዱ ብቻ ተዋጊ መሆኑን፥ መነኰሳቱና ካህናቱ ከማይዋጉት ጋር የሚቈጠሩ መሆናቸውን ሳያፍር ጻፈ። የጽሑፉ ቃል ዛሬ ጆሮ የሚከብድበት ስፍራ ብዙ ነው። ይህ ዘዴ ግን አላረጀም፤ የታሪክ ጸሐፊ በአገሩ ያለውን ሰው ሁሉ፥ የራሱንም ማዕርግ ጭምር፥ አንድ በአንድ ይቈጥራል። ሉዊስ የቈጠረው ባለ ሥልጣኑን ነው። የጠየቃቸውም ሽማግሌዎች ንጉሡን ያገለገሉና ቤተ መንግሥቱን ያወቁ ስለ ሆኑ፥ መንግሥቲቱ በመጽሐፉ ውስጥ የሹማምንት ሥራ ብቻ መስላ ታየች። ሹም ሹመቱን ያስታውሳል፤ ሸክሙን የሚያስታውሰው ተሸካሚው ነው።

ተሸካሚውም ስም የለሽ አልነበረም። በጅሬን ተራራ ግርጌ በሂርማታ በየሐሙሱ ይቆም በነበረው ታላቅ ገበያ ቡናና የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ወርቅ ሲሸጥ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከከፋና ከኩሎ ከሌላውም ከደቡቡ አገር ተፈንግሎ የመጣው ባሪያ፥ ግማሹ ወደ ሰሜን ተሻግሮ ወደ ባሕር ይነዳል፤ ግማሹ በዚያው ቀርቶ የጌቶችን እርሻ ያርሳል። ሉዊስ ስለ ባሮች ሳይጽፍ አልቀረም፤ በንጉሡ ሀብትና በንጉሡ አገልጋዮች ቍጥር ውስጥ አግብቷቸዋል። ጥያቄው ሌላ ነው። የባርነት ሕግ በኢትዮጵያ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነውና፥ እርሱ በጅማ በተቀመጠበት ዓመት ባሪያ ሆነው የተወለዱ ሰዎች ከሹማምንቱ ይልቅ በወጣትነት በሕይወት ነበሩ። የእነርሱ ምስክርነት እንደ አባ ቆሮዎቹ ምስክርነት መጽሐፉን የሚሸከም ምሰሶ አልሆነም።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። ጅማ ባሕር የላትም። ቡናዋና የዝሆን ጥርሷ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም በባሶ ገበያ፥ ከዚያ በጎንደር በኩል ምጽዋ ይደርስ ነበር፤ ሌላውም በሸዋ በኩል ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ይወርዳል። ስለዚህ የጅማ ንጉሥ በኬላው የቱንም ያህል ቢከብር ከእርሱ በታች መንገዱን የያዘ ሌላ ባለ ኬላ አለበት። በ1881 ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡ፤ በዓመቱ በ1882 በእምባቦ ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተዋጉት ስለዚሁ የጊቤ ማዶ ሀብት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1884 ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብቶ ግብር እየከፈለ በውስጥ አስተዳደሩ እንዲኖር የተስማማው እናቱ ጉሚቲ መክራው ነው ይባላል። ምክሯ ብልህ ነበረ፤ ጎረቤቶቹ ሲጠፉ ጅማ አልጠፋችም። ነገር ግን ይህ ሰላም ዋጋ ነበረው፤ በ1897 ከፋ በተወጋ ጊዜ የጅማ ጦር ከዘማቾቹ ጋር አብሮ ነበር። መጽሐፉ የንጉሡን ብልሃት ሲያደንቅ፥ ብልሃቱን የከፈለለት የከፋ ሰው መሆኑን ከዚህ ይልቅ አጕልቶ ሊያሳይ በተገባው ነበር። ኤርትራ በ1993 ከተለየች ወዲህ አገሪቱ በሙሉ ባሕር አልባ ሆና ቡናዋን በሌላ አገር ወደብ በኩል ስትልክ የኖረች በመሆኗ፥ የአጋሮና የሊሙ ገበሬ የራሱን ቡና ዋጋ ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑ አዲስ ነገር እንዳልሆነ አንባቢ ከዚህ ይረዳል።

መጽሐፉ በ1932 ያቆማል፤ በዚያ ዓመት የጅማ የውስጥ አስተዳደር ተሽሮ ማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንቱን ላከ። ለመጽሐፉ ዕቅድ ማቆሚያው ትክክል ነው። ለጅማ ሰው ግን ዋናው ጠብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጣሊያን በ1936 ገብቶ ከተማይቱን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አደረጋት፤ ከድል በኋላ የቡናው መሬት በብዙ እጅ ተዘዋወረ፤ በ1975 ሁሉም የመንግሥት ሆነ። በእያንዳንዱ መዘዋወር አንዱ ተተከለ፥ ሌላው ተነቀለ።

በዚህ ስፍራ የአባ ባሕርይ አቈጣጠር በካህናት ላይም ይደርሳል። በጊቤ ማዶ የቡና ከተሞች ብዙዎቹ ታቦታት የገቡት ከወታደሩና ከሹሙ ጋር ነው። ደወሉንና የግብር ሰብሳቢውን ድምፅ በአንድ ዘመን የሰማ የእስላም ገበሬ ሁለቱን ቢያቀላቅል አያስደንቅም። ይህን መናገር የሃይማኖትን ነገር ማሳነስ አይደለም፤ ወንጌሉ ሌላ፥ ወንጌሉ የመጣበት በቅሎ ሌላ ነው። ደግሞም ይህ ትዝታ ለማንም የደም ምክንያት አይሆንም። በ2006 በጅማ ዞን ኦርቶዶክሳውያን ሲገደሉና አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፥ በ2011ም በአሰንዳቦ አካባቢ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተቃጥለው በሺህ የሚቈጠር ሰው ሲሰደድ፥ የሞተውና የተሰደደው የ1932ቱን ሹም ያላየ፥ አብሮ ሐሙስ ገበያ የሚወጣ፥ በአንድ ጀበና የሚጠጣ ጎረቤት ነው። ያንኑ ጎረቤት ከእሳት ለማዳን የደከሙ እስላሞች መኖራቸውም ከታሪኩ ሊጐድል አይገባም።

እንግዲህ ሉዊስ የጻፈውን የሚቀጥል ሰው ቢነሣ ሥራው በጅሬን ብቻ አይፈጸምም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና መስጊዱ አሁንም በተራራው ላይ አለ፤ ዕንጨቱን እየዳሰሱ ስለ ንጉሡ የሚነግሩ አስጎብኚዎች አይጠፉም። ከዚያ ወርዶ ግን የኩሎና የከፋ ትውልድ የሆኑትን የሂርማታ አዛውንት፥ የአጋሮን የቡና ለቃሚ፥ ከ1932 በኋላ በመጣ ወታደር ልጅነት ያደገውን ዲያቆን፥ በመሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ የቆየውን የሼሁን ልጅ ለየብቻ መጠየቅ ይኖርበታል። ሁሉም አንድ ነገር አይነግሩትም።