የስቅለት ሰዓታት በአራዳ ጊዮርጊስ፦ የወንጌልን የጊዜ አቆጣጠር እንዴት እናንብብ?

በዓለ ስቅለትን በአራዳ ጊዮርጊስ የሚውል ምእመን ቀኑን በአምስት ሰዓታት ተከፍሎ ያገኘዋል፤ በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓትና በሠርክ፣ ማለትም በ1፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት። ግብረ ሕማማት ምንባቡንና ስግደቱን የሚያከናውነው ይህንኑ ተከትሎ ነው። ከቅጥሩ ወጥቶ ወደ ፒያሳ የሚወርደውም ሰው እኩለ ቀንን የሚጠራው ስድስት ሰዓት ብሎ ነው። በማቴዎስ 20 በ11 ሰዓት የተቀጠሩት የወይን አትክልት ሠራተኞች ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው እንደ መጡ ለአማርኛ አንባቢ የሚያስረዳው አያስፈልግም። ይህ ቅርበት ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የወንጌሉን ሰዓት በእጃችን ካሰርነው ሰዓት ጋር አንድ አድርገን ስናይ እንሳሳታለን፤ ወንጌላውያን በሰዓት ስም የሚጠሩት ብዙውን ጊዜ የቀንን አንድ ክፍል እንጂ አንዲት ቅጽበት አይደለምና።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በስቅለቱ ትረካ ነው። ማርቆስ (15፥25) ጌታ የተሰቀለው በሦስት ሰዓት ነው ይላል፤ በዮሐንስ (19፥14) ግን ስድስት ሰዓት ያህል ሲሆን ገና በጲላጦስ ፊት ቆሟል። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግርፋቱን በሦስት፣ ስቅለቱን በስድስት፣ ሞቱን በዘጠኝ ሰዓት ያስባል። አንዳንድ የውጭ ሊቃውንት ደግሞ ዮሐንስ እንደ ሮማውያን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቆጥሯል፣ ስለዚህ የእርሱ ስድስት ሰዓት ማለዳ ነው ብለው ልዩነቱን ለማስታረቅ ይሞክራሉ። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ግን አይጸናም። ሮማውያን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት የቆጠሩት የሕግንና የካህናትን ዕለት ነው፤ የቀኑን ሰዓታት ግን ከፀሐይ መውጫ ይጀምሩ ነበር፤ በጥላ መቁጠሪያቸውም ስድስተኛው ሰዓት ቀትር ነው። ዮሐንስ ራሱም ቀን 12 ሰዓት እንዳለው ይናገራል (11፥9)፤ ጌታ ከመንገድ ደክሞ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ የተቀመጠበት ስድስት ሰዓትም (4፥6) እኩለ ቀን ቢሆን ለትረካው ይስማማል።

ይልቁንስ በአዲስ ኪዳን የሚጠሩት ሰዓታት የትኞቹ እንደሆኑ እንይ። ሐዋርያት በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስን ይቀበላሉ፣ ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት ይወጣል፣ በዘጠኝ ሰዓት ከዮሐንስ ጋር ወደ መቅደስ ይሄዳል። ሌሊቱም እንዲሁ በማርቆስ 13፥35 በአራት ክፍል ተመድቧል። ስለዚህ የማርቆስ ሦስት ሰዓት ከ3 እስከ 6 ያለውን ክፍል በመነሻው ቢጠራው፣ የዮሐንስ «ስድስት ሰዓት ያህል» ደግሞ ያንኑ ክፍል በማብቂያው ቢጠራው፣ ሁለቱ ስለ አንድ ረፋድ ይናገራሉ። የሥርዓታችን ክፍፍልም ለዚህ ንባብ የቀረበ ነው፤ ከግርፋቱ እስከ ስቅለቱ ያለው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሰዓታት መካከል ይውላልና።

ዮሐንስ አንዳንዴ ሰባትና አሥር ሰዓት ይል የለም ወይ የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም በ4፥52 የታመመው ልጅ አባት ልጁ የዳነበትን ሰዓት አጥብቆ የሚጠይቀው ከጌታ ቃል ጋር ሊያስተያየው ነው፤ ትረካው ራሱ ጥራት ይፈልጋል። «አሥር ሰዓት ያህል» (1፥39) ደግሞ ግምት መሆኑን ራሱ ይናገራል። ሌላው ልብ የሚባለው የሰዓቱ ርዝመት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት ላይ ስላለች የቀኗ ርዝመት ከዓመት እስከ ዓመት ብዙ አይለዋወጥም። በኢየሩሳሌም ግን የክረምቱ ቀን 10፣ የበጋው 14 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ በ12 እኩል የሚከፈለው ቀን የሚሰጠው ሰዓት ከወቅቱ ጋር ይረዝማል፣ ያጥራል። ፋሲካ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን መዋሉ ብቻ ነው የስቅለቱን ሰዓት ከእኛው ጋር እጅግ ያቀራረበው።

ይኸው አቆጣጠር ሦስቱን መዓልትና ሦስቱን ሌሊት (ማቴዎስ 12፥40) ለመረዳትም ይጠቅማል። አስቴር ሦስት ቀን፣ ሌሊትም ቀንም እንዲጾሙላት ካዘዘች በኋላ ንጉሡ ዘንድ የገባችው ሦስተኛው ቀን ሳያልቅ ነው (4፥16፤ 5፥1)። የዕለት ከፊል እንደ ዕለት የሚቆጠር ከሆነ፣ ከዓርብ ሠርክ እስከ እሑድ ንጋት ያለው ጊዜ 72 ሰዓት አልሞላም የሚለው ነቀፋ ወንጌሉን ባልቆጠረበት መስፈሪያ መመዘን ነው።